ኤቢሴ አቤት ያለችለት ድምፅ

የጠራነው እኛ ነን... ወይስ የተጠራነው እኛ?

ይህን ጥያቄ እስካሁን መመለስ አልቻልኩም።

የቻናሉ ተከታታዮች፣ እኔ ራሴ እዚህ የሚለጠፉትን ታሪኮች ሳነብ «ይሄም ፈጠራ ነው» እያልኩ የማልፍ ሰው ነበርኩ። ስለዚህ ባታምኑኝ አልቀየማችሁም። ግን የሆነው ሆኗል። ሌሊት አልነበረም። መቃብር ቦታም አልነበረም። ቅዳሜ ከቀኑ 11 ሰዓት ከ17፣ ሱሉልታ፣ ሰው ጢም ባለበት የትምህርት ቤት አዳራሽ ውስጥ ነው።

ጸሐይ ገና አልጠለቀችም ነበር።

ስሜ ስንዱ ነው። ኖርዌይ ሰባት ዓመት ተምሬ የተመለስኩት ባለፈው ዓመት ነው። ለምን ተመለስሽ የሚለኝ ሰው ብዙ ነው። ለእያንዳንዱ የተለያየ መልስ እሰጠዋለሁ፤ እኔ ግን አንዱንም አላምነውም። ሻንጣዬን እንኳ እስካሁን ጨርሼ አልፈታሁትም።

የምኖረው ታላቅ እህቴ ቤት ነው፤ ከጫንጮ መንገድ ትንሽ ገባ ብሎ። እህቴ ማሪቱ ትባላለች፤ እኔ እትዬ ነው የምላት። ባሏ ኦቦ ራያ የጭነት መኪና ሹፌር ስለሆነ ሳምንቱን ሙሉ መንገድ ላይ ነው። አንድ ልጅ አለቻቸው።

ኤቢሴ።

አሥራ አንድ ዓመቷ ነው። አባቷን በኦሮምኛ፣ እናቷን በአማርኛ፣ እኔን ደግሞ ከቴሌቪዥን በለቀመችው እንግሊዝኛ ታዋራናለች። በሦስቱም ታሸንፈናለች።

ስለ ኤቢሴ አንድ ነገር ያዙልኝ። እናቷ ስትጠራት «ወዬ» ነው የምትለው። እኔንም «ወዬ» ነው። «አቤት» የምትለው ለትልቅ ሰው ብቻ ነው... ለአስተማሪ፣ ለቄስ፣ ለአባቷ ሽማግሌ ዘመዶች። አባቷ እንዲህ አድርጎ ነው ያሳደጋት። ትልቅ ሰው ሲጠራ ዝም አይባልም።

...

ኖርዌይ አብሮኝ የተማረ ኤስፔን የሚባል ልጅ ነበር። ስንመረቅ እኔ ሱሉልታ ገባሁ፤ እሱ ከምድር ወጣ። አሁን መሬትን የሚዞረው የጠፈር ጣቢያ ላይ ነው፤ ለስድስት ወር። ከእሱ ጋር ሰባት ናቸው።

ጣቢያው ላይ አንድ ተራ ሬዲዮ አለ። ተጓዦቹ በትርፍ ጊዜያቸው ምድር ላይ ካሉ ተማሪዎች ጋር ያወሩበታል። የሱሉልታ ልጆችም ያናግሩት ብዬ ጻፍኩለት።

«ሳንዲ፣ ላንቺ ልጆችማ እሺ» ብሎ መለሰልኝ።

ሳንዲ ያለው እኔን ነው። እዚያ ስንዱ ማለት የሚችል ሰው አጣሁና ተውኩት። ለሰባት ዓመት ሳንዲ ነበርኩ። ኤስፔን እውነተኛውን ስሜን አያውቀውም።

ይህንንም ያዙልኝ።

ፈቃዱ ወራት ፈጀ። አንቴናውን ከፊዚክስ አስተማሪው ከአማኑ ጋር በውኃ ቧንቧና በአሉሚኒየም ዘንግ ሠርተን የትምህርት ቤቱ ቆርቆሮ ጣሪያ ላይ ተከልነው። ጣቢያው መሬትን አንዴ ለመዞር አንድ ሰዓት ተኩል ገደማ ይፈጅበታል። እኛ ጋ ሲደርስ ግን ከአድማስ እስከ አድማስ አሥር ደቂቃ ብቻ ነው የሚቆየው። በዚያች አሥር ደቂቃ ካልጠራነው አለቀ።

ሰዓቱ ሲነገረኝ ለርዕሰ መምህሩ ለጋሼ ፍቅረሥላሴ በቴሌግራም ላክሁላቸው።

«ቅዳሜ 11:17»

ስህተቱ ይህ ነው።

...

ቅዳሜ ረፋዱ ላይ አዳራሹ ባዶ ነበር። ወንበሩ ተደርድሯል፤ ፊኛው ተሰቅሏል፤ ሰው የለም። እኔ፣ አማኑና ኤቢሴ ብቻ።

ስልክ ደወልኩ።

«ጋሼ ፍቅረሥላሴ! የት ናችሁ?»

«ቤት ነኛ። ሸሚዝ እያስተኮስኩ። ምነው?»

«አሥር ደቂቃ ነው እኮ የቀረው!»

«የምን አሥር ደቂቃ? 11 ከ17 አላልሽም? ገና ምሳ እንኳ አልበላን!»

እኔ የጻፍኩት በፈረንጅ ሰዓት ነው። እሳቸው ያነበቡት እንደ ሱሉልታ ሰው ነው። የእኔ 11:17 የእሳቸው ረፋድ 5 ሰዓት ከ17 ነበር። ወላጆቹን፣ የወረዳውን ሰዎች፣ ልጆቹን ሁሉ ከሰዓት በኋላ ለ11 ሰዓት ጠርተዋቸዋል። ፈረንጅ ቢሳሳተው ያስቃል። እኔ ግን እዚሁ ተወልጄ ነው ያደግኩት።

ኤቢሴ ሆዷን ይዛ ሳቀች።

«አክስቴ፣ አንቺ በቃ ፈረንጅ ሆነሻል!»

ሰዓቱ ሲደርስ ጠራሁት። ጠራሁት። መልስ የለም። የሬዲዮው ሹሹታ ብቻ። በላፕቶፔ ላይ ጣቢያውን የምታሳየው ነጥብ በሱሉልታ አናት አልፋ፣ ወደ ሕንድ ውቅያኖስ ሄደች።

አማኑ በመስኮቱ ደመናውን አየና ወደ ጣሪያው ወጣ።

እኔ ግንባሬን ጠረጴዛው ላይ ደፋሁ።

...

11 ሰዓት ላይ አዳራሹ ሞላ።

እናቶች ነጠላቸውን አጣፍተው መጥተዋል። ልጆቹ ዩኒፎርማቸው ተተኩሷል፤ ጥያቄያቸውን በእንግሊዝኛ ሸምድደው ከንፈራቸው ይንቀሳቀሳል። እትዬ ማሪቱ የመጨረሻው ረድፍ ላይ ተቀምጣለች።

ጋሼ ፍቅረሥላሴ ጆሮዬ ሥር መጡ።

«ስንዱዬ፣ ምን ልበላቸው?»

«እውነቱን። ጣቢያው አልፏል። አሁን ያለው ከዓለም በወዲያኛው በኩል ነው።»

«እሱን የምናውቀው እኔና አንቺ ነን። አንዴ ጥሪው።»

«ማንም አይሰማንም እኮ!»

«ባይሰማን ምናለ? ጩኸቱን ይስሙትና ኔትወርክ የለም እንላለን። የኔትወርክ መጥፋት ለማን ብርቅ ነው?»

የልጆቹን ፊት አየሁ። ኤቢሴ ከፊት ረድፍ ሆና አውራ ጣቷን አሳየችኝ።

ማይኩን አነሳሁ። ነጥቧ ሰላማዊ ውቅያኖስ መሃል ነበረች። ማንም እንደማይመልስልኝ እርግጠኛ ነበርኩ። እርግጠኛ ስለነበርኩም ድምፄን ከፍ አድርጌ ጠራሁ።

«ኤስፔን... ኤስፔን... ሱሉልታ ነን። ትሰማናለህ?»

ሹሹታ...

ከዚያ ሹሹታው ቆመ።

ሬዲዮ የሚያውቅ ሰው ይረዳኛል። ጣቢያ ባይኖርም፣ ሰው ባይኖርም፣ ሹሹታው አይቆምም። ይሄ ግን ቆመ። ወደ ሌላ ክፍል በር የተከፈተ ያህል ጸጥ አለ።

«እሰማችኋለሁ» አለ በእንግሊዝኛ።

አዳራሹ በጭብጨባ ተናጋ።

የኤስፔን ድምፅ ነው። ቃሉን መጨረሻ ላይ ወደ ላይ አንሳ የሚያደርጋት ነገር ራሷ ናት። ፕሮግራሙ ተሳስቶ ይሆናል፣ ነጥቧ ቆማ ይሆናል ብዬ ራሴን አሳመንኩ። ሰው ሲያጨበጭብልሽ ራስሽን ማሳመን ቀላል ነው።

አክመል የሚባል ልጅ ቀደመ። «ከዚያ ሱሉልታ ይታያል?»

«ይታያል» አለ ድምፁ። «የቆርቆሮ ጣሪያው ይታያል። በሩ ክፍት ነው።»

ተረጎምኩ። ሰው ሁሉ ዞሮ በሩን አየ።

ክፍት ነበር። ሳቅ ሆነ።

እኔ አልሳቅኩም።

ሬሐና ተነሳች። «ስንት ሰው ናችሁ?»

«ስምንት።»

«ሰባት ነን ይላል» ብዬ ተረጎምኩ። ለምን እንደዋሸሁ አላውቅም።

ሉሲ ደግሞ «እዚያ ምን ይናፍቃችኋል?» አለች።

ከዚያ ቀስ ብሎ...

«በስም መጠራት። እዚህ ማንም በስም አይጠራም። እናንተ ግን ጠራችሁ።»

እናቶቹ «ወይኔ ልጄን» አሉ። አንዷ ዓይኗን ጠረገች።

አሥር ደቂቃ አለፈ። እውነተኛ ግንኙነት ቢሆን ድምፁ እየደከመ፣ እየደከመ ይጠፋል። ይሄ አልደከመም። እንዲያውም የቀረበ መሰለኝ።

ከዚያ በጥሩ አማርኛ...

«ስንዱ።»

ሳንዲ አይደለም።

ስንዱ።

እናቴ ትጠራኝ እንደነበረው ነው ያለው።

«ጠራሽ እኮ! መልሺ እንጂ!» አለ ከኋላ አንድ ሰው እየሳቀ።

ቀና ስል እትዬ ማሪቱ ከወንበሯ ተነስታ ቆማለች። ፊቷ አመድ መስሏል። ጭንቅላቷን ነቀነቀችልኝ... አትመልሺ።

እናታችን ልጆች ሳለን የማታልፈው አንድ ሕግ ነበራት። የሚጠራሽን ሰው ካላየሽው አቤት አትበይ። ሄደሽ እይ፤ አይተሽ መልሺ። በዚህ ሕግ ስንት ዓመት ስስቅ ኖሬአለሁ።

«ስንዱ» አለ ድምፁ እንደገና። አልጨመረም፤ አልቀነሰም።

ማይኩን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥኩት።

ድምፁም ሌላ ስም ጠራ።

«ኤቢሴ።»

«ኤቢሴ፣ ተይ!» ስትል እትዬ ሰማኋት። ግን ኤቢሴ በአባቷ ሥርዓት ያደገች ልጅ ናት። ትልቅ ሰው ጠርቷታል። ብድግ አለች፣ ማይኩን በሁለት እጇ ያዘች፣ ጎንበስ ብላ...

«አቤት!»

ሹሹታው ተመለሰ።

ከዚያ በኋላ ምንም አልተሰማም። ሰው ቆሞ አጨበጨበ። ጋሼ ፍቅረሥላሴ በደስታ ሊያለቅሱ ምንም አልቀራቸውም።

ሰው ሲበተን አማኑ ክንዴን ያዘኝ። በእጁ የአንቴናውን ገመድ ጫፍ ይዟል።

«ስንዱ...» አለ በሹክሹክታ። «ይሄ አልተሰካም ነበር።»

«ምን?»

«ረፋዱ ላይ ነቀልኩት እኮ። መብረቅ ይመጣል ብዬ። አሁን ስትጠሪም ለይምሰል ነው ብዬ አልመለስኩትም።»

ሁለታችንም ሬዲዮውን አየነው።

ከመብራቱ በቀር ከየትም ጋር አልተያያዘም።

...

በማግስቱ ምሳ ላይ ነበርን።

«አቤት» አለች ኤቢሴ።

እናቷ ጉርሻዋን ይዛ ቆመች። «ማን ጠራሽ?»

«አልጠራችሁኝም?»

«ማንም አልጠራሽም። ብዪ።»

ብዙም ሳትቆይ እንደገና። «አቤት።» በዚህኛው ላይ አየኋት። ቀኝ ትከሻዋን ከፍ ታደርግና አንገቷን ወደ ኋላና ወደ ላይ ታዞራለች። ሰው ከፎቅ ሲጠራን እንደምናደርገው። ቤታችን ግን ፎቅ የለውም።

በአንድ ሰዓት ተኩል ገደማ አንዴ ነው የምትለው። በዚህ ልክ ምን እንደሚዞር አውቃለሁ። ማወቅ ግን አልፈለግኩም።

አዲስ አበባ ሐኪም ዘንድ ወሰድናት። ቀላል የሚጥል በሽታ ሊሆን ይችላል፣ ምርመራ ያስፈልጋል ብሎ ቀጠሮ ሰጠን። ደስ አለኝ። ስም ያለው በሽታ ይሻለኛል፤ የተማርኩትም ለዚህ ነው። እትዬ ግን ጸበል ወሰደቻት። እዚያም ውኃው ራሷ ላይ እየወረደ «አቤት» አለች።

ከዚያ መራመድ ጀመረች።

መጀመሪያ ዞር ትል ነበር። ቀጥሎ እስከ በሩ። ቀጥሎ እስከ አጥሩ። አንድ ቀን እትዬ ሽንኩርት እስክትከትፍ ጠፋችብን። ግቢውን ስናተራምስ አንድ ባጃጅ በራችን ላይ ቆመ።

«እህት፣ ይቺ ልጅ የናንተ ናት?» አለ ሹፌሩ። «ጫንጮ መንገድ ላይ... የፈጣሪ ያለህ! መሃል አስፋልት ላይ ቆማ ሰማይ ሰማይ ታያለች። ሲኖትራኩ ለጥቂት ነው የሳታት። ክላክስ ነፋሁ፣ ጮህኩ፣ ምንም! እየመጣሁ ነው፣ እየመጣሁ ነው ትላለች።»

አልጋ ላይ አስቀመጥኳት። እግሯ ጭቃ ነክቷል።

«ኤቢሴዬ...» አልኳት ዝቅ ብዬ። «ማን ነው የሚጠራሽ?»

ግራ ገብቷት አየችኝ።

«አንቺ ነሽ እኮ፣ አክስቴ።»

«እኔ?»

«በአንቺ ድምፅ ነው። ግን አንቺ ስትጠሪኝ ወዬ ነው የምለው። ያኛዋ አንቺ ደግሞ... ትልቅ ናት።»

ከዚያን ቀን ጀምሮ እትዬ የነጠላዋን አንድ ጫፍ በልጇ እጅ፣ ሌላውን በራሷ እጅ አሰረች። ሽንት ቤትም አብረው ነው። ለኦቦ ራያ በስልክ «ትንሽ አሟታል» ብቻ ነው ያለችው። ከእኔ ጋር ሁለት ቀን አላወራችም። በሦስተኛው ልብስ ስናሰጣ ፈነዳች።

«መጀመሪያ የጠራው አንቺን ነው!»

«እትዬ፣ እኔ...»

«አንቺን ነበር! ልጄ ናት የመለሰችልሽ። አንቺ ነሽ ነገሩን ከማናውቀው አገር አምጥተሽ አናታችን ላይ የተከልሽው!»

«ምን ላድርግ? ንገሪኝና ላድርገው።»

በእጇ የያዘችውን ሸሚዝ ጨመቀችው፤ ደርቆ ነበር።

«እማዬ ምን ትል እንደነበር ታውቂያለሽ። ሌላ ሰው አቤት ካላለለት የመጀመሪያውን አይለቅም።»

በዚያው ከሰዓት ወደ ትምህርት ቤቱ ሄድኩ። አዳራሹን ዘጋሁ። ሬዲዮውን አበራሁ። አንቴና የለውም፤ ገመዱ መሬት ላይ ተጠቅልሏል። የሰባት ዓመት ትምህርቴን ይዤ ምንም ያልተያያዘበት ሳጥን ፊት ተንበረከክሁ።

«ስንዱ ነኝ» አልኩ። «የጠራኸው እኔን ነበር። አቤት... ይኸው አቤት! አቤት!»

ሹሹታ።

ጉሮሮዬ እስኪዘጋ ጮህኩ። ማንም አልጠራኝም። ያልተጠራ ሰው አቤት ቢል ማን ይሰማዋል?

...

ቅዳሜ ጧት ኤቢሴ ዝም አለች።

አንድ ሰዓት ተኩሉ አለፈ። ሌላውም አለፈ። ሦስተኛው ሲያልፍ እትዬ ትንፋሿን ውጣ ልጇን ታያለች። «ኤቢሴ» ብላ ጠራቻት።

«ወዬ እማ። ራበኝ።»

እትዬ መሬት ላይ ተቀመጠች። ነጠላውን ከእጇ ስትፈታ ታለቅስ ነበር፤ ትስቅም ነበር። ዶሮ ታረደ። ጎረቤት ተጠራ። እትዬ አቀፈችኝ፤ ከሳምንት በኋላ የመጀመሪያው ነው። እኔም ደስ አለኝ። ልዋሻችሁ አልችልም፣ ሐኪሙ ልክ ነበር ብዬም አሰብኩ።

ጸሐይዋ ስታዘቀዝቅ ስልኬ ጮኸ። ኢሜይል ነው።

ኤስፔን።

«ሳንዲ፣ በጣም ይቅርታ። ያን ቅዳሜ አስቸኳይ ሥራ ገጥሞን ቀኑን ሙሉ ማንም ሬዲዮውን አልነካውም። ልጆቹ አዘኑብኝ? ሌላ ቀን እንይዛለን።

አንድ ነገር ልጠይቅሽ፣ እንዳትስቂብኝ። ዛሬ ጧት ብቻዬን ስሠራ አንዲት ትንሽ ልጅ በስሜ ጠራችኝ። ሬዲዮው ጠፍቷል። ሳላስበው መለስኩላት። የመለስኩበትን ቃል ግን እኔ አላውቀውም። አቤት ማለት በእናንተ ቋንቋ ምን ማለት ነው?»

ሁለቴ አነበብኩት።

ኤቢሴ የዶሮ አጥንት እየጋጠች ነው። አጠገቧ ቁጢጥ አልኩ።

«ኤቢሴዬ... ዛሬ ጧት ማንንም ጠርተሻል?»

«አዎ፣ በሆዴ» አለች፤ ከአጥንቱ ቀና አላለችም።

«ለምን?»

«ካልመጣሽ ሌላ ሰው ጥሪልኝ አለችኝ።»

«ማን?»

«አንቺ። ትልቋ አንቺ።»

«ማንን ጠራሽ?»

«ጓደኛሽን ነዋ። ከእሱ በስተቀር እዚያ ማንን አውቃለሁ?»

ጓዳ ገብቼ መጻፍ ጀመርኩ። ጣቴ ፊደሉን ይስታል።

«ኤስፔን፣ በስምህ ቢጠሩህ አትመልስ። የልጅ ድምፅ ቢሆንም፣ የምታውቀው ሰው ድምፅ ቢሆንም። በእኔ ድምፅ ከሆነ በፍጹም አትመልስ። ከሰዎቹ አትለይ። ጠሪውን በዓይንህ ካላየኸው አትመልስ።»

የእትዬ እጅ ስልኩ ላይ አረፈ። መቼ እንደገባች አላየሁም። ነገርኳት።

«ተይው» አለች በሹክሹክታ።

«እትዬ፣ ሰው ነው እኮ።»

«እሱ ካልመለሰ ጠሪው ወዴት ይመለሳል? ንገሪኝ። ወዴት?»

በሩ ክፍት ነበር። ኤቢሴ ከጎረቤት ልጆች ጋር እጇን እያጨበጨበች ትስቃለች። እጇ ላይ ነጠላው የታሰረበት ቀይ ምልክት ገና አልጠፋም።

«እናቱ ትኖር ይሆናል» አልኳት።

«እኔም እናት ነኝ።»

ስልኩን ይዤ ቁጭ አልኩ። ኤቢሴ ስትስቅ ሰማሁ። ልጆቹ ሲሄዱ ሰማሁ። አባቷ ደውሎ በኦሮምኛ ስታወራው፣ ስትቀልድበት ሰማሁ። ቢጫው የሱሉልታ ጸሐይ ከኮረብታው ጀርባ እስኪገባ ድረስ አልላክሁትም።

ከዚያ ላክሁት።

«ተልኳል» አለኝ ስልኩ።

እትዬ ነጠላዋን አነሳችና ልጇን ልትጠራ ወጣች።

...

በማግስቱ እሑድ ከሰዓት በኋላ ከጠፈር ጣቢያው የቀጥታ ስርጭት ነበር። ማንም ሰው በስልኩ የሚያየው ዓይነት ነው። ሰባቱም ተደርድረው ይንሳፈፋሉ። ኤስፔን መሃል ላይ ማይክ ይዟል። ከስቷል፤ ግን ፈገግ ይላል።

ኤቢሴ ትከሻዬ ላይ ተደግፋ አብራኝ ታያለች።

ስለ እንቅልፍ ጠየቁት። «እዚህ ሰው ሲተኛ...» ብሎ ጀመረ።

ቆመ።

ቀኝ ትከሻውን ከፍ አደረገ። አንገቱን ወደ ኋላ... ወደ ላይ አዞረ። ከኋላው ረጅም ጨለማ መተላለፊያ እንጂ ሰው የለም።

ከንፈሩ ተንቀሳቀሰ። ማይኩ ከአፉ ርቋልና አልተሰማም። ግን ያቺን ቃል ሳምንቱን ሙሉ ከልጃችን ከንፈር ላይ ሳነባት ነው የከረምኩት።

«ማን ጠራው?» አልኩ ሳላስበው።

«እኔ አይደለሁም» አለች ኤቢሴ።

ማይኩን ለቀቀው። ቀስ ብሎ፣ ሰው እንደሚጎትተው፣ ወደ መተላለፊያው ገባና ከምስሉ ወጣ። ማይኩ አየር ላይ ብቻውን ይሽከረከራል። ሌሎቹ ፊታቸው ላይ ያው ፈገግታ አለ። ማንም አልተጣራም፤ ማንም ዞር ብሎ አላየም።

ምስሉ ከመቋረጡ በፊት ቆጠርኳቸው።

ኤስፔን ከወጣ በኋላም ሰባት ነበሩ።

ይህን ከጻፍኩ በኋላ ኢሜይሌን እንደገና ከፈትኩት። «ጠሪውን በዓይንህ ካላየኸው አትመልስ» የሚለው እዚያው ነው።

ተልኳል።

መልስ የለም።